የመሐል ሰዎች የትምህርት ዕድል

የሮታሪን የሰላም ፌሎውሺፕ መመሪያ የሚያነብ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የሚሰጠው ነገር ላይ ነው፤ አይፈረድበትም። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፤ ማደሪያና ምግብ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የተግባር ልምምድ ወጪ ሳይቀር። እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ የሚከለክለው ነገር ነው። ትናንት ጋዋን ለብሶ የተመረቀ ጎበዝ፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይገባም፤ ለማስተርሱ ቢያንስ የሦስት ዓመት፣ ለአንድ ዓመቱ ሰርተፊኬት ደግሞ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ማስተርሱን በገዛ አገራችሁ ልትማሩ አትችሉም። የሮታሪ አባል፣ ተቀጣሪው፣ የእነሱ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ጭምር ማመልከት አይፈቀድለትም። (ይህችን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እኛ ዘንድ የሥጋ ዘመድ ስለሆንክ አይገባህም የሚባልበት ዕድል ስንት አለ?)

እነዚህን ክልከላዎች አንድ ላይ ሰብስባችሁ ስታዩአቸው የቢሮ ጣጣ ብቻ አይደሉም። ሰላም የሚሠራው በእነማን እጅ ነው? እነዚያ ሰዎችስ የሚጎድላቸው ምንድን ነው? ለነዚህ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ውስጣቸው አለ። መልሱ ልክ ነው አይደለም የሚለውን እንደርስበታለን፤ አስቀድሜ ግን ከየት እንደመጣ ላሳያችሁ።

ሮታሪን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ነው። በ1905 ቺካጎ ውስጥ የመሠረተው ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ)። ፌሎዎቹ የሚማሩት በየዩኒቨርሲቲው ባሉ የሰላም ማዕከላት ነው፤ የማዕከላቱ ሐሳብ የተወጠነው በ1999 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ክፍል የገቡት በ2002 ነው። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ እስከ 130 ሰው ይመረጣል፤ እስከ 50 ለማስተርስ፣ እስከ 80 ለሰርተፊኬት። ማስተርሱ እንደየዩኒቨርሲቲው ከ15 እስከ 24 ወር ይወስዳል።

ዩኒቨርሲቲዎቹም ጠባያቸው ለየቅል ነው። የስዊድኑ ኡፕሳላ ግጭትን በመቁጠር የታወቀ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 25 ሰው በውጊያ ሲሞት የትጥቅ ግጭት ብሎ ይመዘግባል፣ 1,000 ሲደርስ ጦርነት ይለዋል። የእንግሊዙ ብራድፎርድ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። በ1973 የሰላም ጥናትን ሲጀምር የመጀመሪያ ፕሮፌሰር ያደረገው አዳም ከርልን ነው፤ ከርል ጦር አናነሳም ከሚሉት የኩዌከር ክርስቲያኖች አንዱ ነበር፣ በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ በናይጄሪያ ተፋላሚዎች መካከል ሲመላለስ ሽምግልናን በእግሩ የተማረ ሰው። አንዱ ጋ ሰንጠረዥ፣ ሌላው ጋ ሽማግሌ ታገኛላችሁ። ብሪዝበን ያለው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲና ቶኪዮ ያለው ዓለም አቀፍ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲም ማስተርስ ያስተምራሉ።

አሁን ወደ ሐሳቡ እንግባ፤ የግጭት ትራንስፎርሜሽን ወደሚባለው። ይህን አስተሳሰብ ከሁሉ በላይ ያስፋፋው ጆን ፖል ሌደራክ የሚባል፣ እንደ ኩዌከሮቹ ጦር ከማያነሱት ከሜኖናይት ክርስቲያኖች ወገን የሆነ አሜሪካዊ ምሁር ነው። በ1980ዎቹ መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ እንደሌሎቹ ባለሙያዎች ግጭት አፈታት ያስተምር ነበር። እዚያ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ግን አላመኑትም። ጥርጣሬያቸው ግልጽ ነበር፦ መሬት የተነጠቀ ገበሬ ጮኸ፣ ባለሙያ መጣ፣ ጩኸቱ ቆመ፤ መሬቱስ? ግጭቱ ተፈታ የተባለበት ቀን ፍትሕ የተረሳበት ቀን እንዳይሆን ፈሩ። ሌደራክ ስጋታቸውን አክብሮ ወሰደው፤ ሥራውንም ከዚያ ወዲህ በሌላ መልኩ ያየው ጀመር።

ልዩነቱን በምሳሌ ላስቀምጠው። ሁለት መንደሮች በአንድ የውኃ ጉድጓድ ተጣሉ እንበል። መፍታት የሚፈልገው ሰው ተኩሱ እንዲቆም፣ ካሣ እንዲከፈል፣ ተራ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ የሰው ሕይወት ያተርፋል። ትራንስፎርሜሽን የሚለው ሰው ግን ዕርቁ ካለቀ በኋላም አይሄድም። ለምንድን ነው ይኸው ጉድጓድ ድርቅ በመጣ ቁጥር ጠመንጃ የሚያስመዝዘው? ጉድጓዱን ማን ነው የሚያስተዳድረው? ልጆቹ ስለዚያኛው መንደር ምን እየተባሉ ነው የሚያድጉት? ጠቡን እንደ ምልክት ይዞ ከሥሩ ያለውን ግንኙነት፣ ሥርዓትና ልማድ መቀየር ይፈልጋል። እንዲህ ካለው ጥያቄ ጋር የሚቆይ ሰው ደግሞ ዓመታት ያስፈልጉታል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ዋጂርን ተመልከቱ። ዋጂር ከሶማሊያም ከእኛም ድንበር ጋር የምትዋሰን የሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ግዛት ናት። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ መሣሪያው ድንበር ተሻገረ፤ ድርቅ ተጨመረበት፤ በ1992 እና 93 ጎሳዎቹ እርስ በርስ ተያያዙ። ገበያው ሳይቀር በጎሳ ተከፈለ። ለአንዲት ሴት ከሌላ ጎሳ ነጋዴ ወተት መግዛት አደጋ የሆነበት ጊዜ ነበር።

ጥቂት ሴቶች ተሰባሰቡ። ከእነሱ አንዷ ደቃ ኢብራሂም አብዲ የምትባል መምህርት ናት። የጀመሩት ከሰላም ጉባኤ አይደለም፤ ከገበያው ነው። የየትኛውም ጎሳ ሴት ያለ ስጋት የምትሸጥበትና የምትገዛበት ቦታ ይሁን ብለው ተስማሙ፤ ይህን የሚጥስ ሲኖር የሚከታተሉ ሰዎች መደቡ። ገበያው ሲረጋጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እዚህ ላይ ብልሃታቸውን ልብ በሉልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ንግግሩን የከፈተው ከትልቆቹ ጎሳዎች ሳይሆን ከትንሿ የመጣ ሰው ነው፤ ማንንም ለማሸነፍ ተናገረ ተብሎ የማይጠረጠር። ቀጥሎ ባለሥልጣናቱ፣ ከዚያ መሣሪያ የያዙት ወጣቶች። ወጣቶቹ ጠመንጃውን ብናስቀምጥ በምን እንኖራለን አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ ነጋዴዎቹም ወደ ጉዳዩ እንዲገቡ ተደረገ። በ1993 የአል ፈታህ ስምምነት ተፈረመ፤ ጥረቱን የሚያስተባብረው የሰላም ኮሚቴም ከወረዳው አስተዳደር ጋር ተሳስሮ ቀጠለ። በኋላ ኬንያ በሌሎች አካባቢዎች የሰላም ኮሚቴ ስታቋቁም የዋጂር ልምድ አርአያ ሆኗታል። ደቃ በ2007 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች፤ በ2011 በመኪና አደጋ ሳቢያ አረፈች። ሌደራክም የዋጂርን ታሪክ በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል።

እስቲ አሁን ዋጂርን ይዘን ወደ መመሪያው እንመለስ። ሌደራክ ማኅበረሰብን በፒራሚድ ይስለዋል። ጫፉ ላይ ፕሬዚዳንቶች፣ ጄኔራሎችና የአማጺ መሪዎች አሉ፤ ካሜራ የሚያውቃቸው፣ አንዲት ቃል ቢሳሳቱ ደጋፊያቸው የሚሸሻቸው። ከታች ሰፊው ሕዝብ አለ፤ መከራው በቀጥታ የሚያርፍበት፣ ዕለት ዕለት ለመኖር የሚታገል። መሐሉ ላይ ደግሞ መምህሩ፣ ጤና ባለሙያው፣ ቄሱና ሼኹ፣ የማኅበር መሪው፣ የግብረ ሰናይ ድርጅት ሠራተኛው፣ ጋዜጠኛው። እነዚህ ሚኒስትሩ ስልካቸውን ያነሳላቸዋል፣ መንደር ሲገቡም በስማቸው ይጠራሉ። ደግሞ ትልቁ ጥቅማቸው ይህ ነው፤ ከሌላው ወገን መሰሎቻቸው ጋር አብረው የተማሩ፣ አብረው የሠሩ ናቸው። ሌደራክ ዘላቂ ሰላም ከላይ ወደ ታች ከሚወርደው ይልቅ ከመሐል ወደ ሁለቱም በሚሄደው ይገነባል ባይ ነው።

የሦስትና የአምስት ዓመት የሥራ ልምዱ ለምን እንደሚጠየቅ አሁን ገባችሁ? ጫፍ ላይ ያለው ሰው ክፍል ለመቀመጥ ጊዜ የለውም፤ ትናንት የተመረቀው ደግሞ ገና የሚያውቀው ሰው የለም። ፌሎውሺፑ የሚያሳድደው መሐል ላይ የቆመውን ነው። አንዳንዶች ይህን ፕሮግራም የጎበዝ ተማሪ ሽልማት አድርገው ያወሩለታል፤ በእኔ እይታ ግን ተሳስተዋል። ለውጤት የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ቀጥታ ከዩኒቨርሲቲ ነበር የሚለቅመው።

የላይቤሪያዋ ሌይማ ግቦዊ ደግሞ የነገሩን ቅደም ተከተል ታሳየናለች። በ2003 ነጭ ቲሸርት የለበሱ ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶችን አስተባብራ የአገሯ ጦርነት እንዲቆም ለመጠየቅ ሞንሮቪያ መንገድ ዳር ስታስቀምጥ የማስተርስ ዲግሪ አልነበራትም። በማኅበራዊ ሥራ ሠልጥና በጦርነት ሥነ ልቦናቸው የተጎዱ ሰዎችን፣ ከእነሱም የቀድሞ ሕፃናት ወታደሮችን ትረዳ ነበር። ያን ዓመት በሐምሌ አክራ ላይ ድርድሩ ሲጓተት ሴቶቹን ይዛ የአዳራሹን በር ዘጋች፤ ተደራዳሪዎቹ ሳይስማሙ እንዳይወጡ። ጠባቂዎች ሊያስሯት ሲመጡ ልብሴን አወልቃለሁ አለች፤ በዚያ ባህል እናት እንዲህ ስታደርግ ማየት እርግማን ነው፤ ሰዎቹ ወደኋላ አሉ። ስምምነቱ በነሐሴ ተፈረመ። ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ኢስተርን ሜኖናይት ዩኒቨርሲቲ ሄዳ በግጭት ትራንስፎርሜሽን ማስተርሷን የያዘችው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ2007 ነው፤ ኖቤሉ በ2011 መጣ። ፕሮግራሙን በ1994 ካቋቋሙት ዋነኛው ደግሞ ራሱ ሌደራክ ነው። የሶማሊያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሐሰን ሼክ መሐሙድም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የክረምት የሰላም ግንባታ ሥልጠና የወሰዱ ናቸው።

ታዲያ በር የዘጋች ሴት ከክፍል ምን ትፈልጋለች? በደንብ የሚያስተኛ ሌሊት ትሉኝ ይሆናል፤ እሱም አንዱ ነው። ግጭት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ የዕለቱን እሳት ነው የሚያጠፋው፤ ያደረገው ነገር ለምን እንደሠራ ወይም ለምን እንዳልሠራ ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ከአገር ውጭ መማር አለባችሁ የሚለው ሕግ የሚታየኝ በዚህ በኩል ነው፤ ስልኩ ከሚጮህበት ቦታ ያርቃችኋል። ከዚያ በላይ ግን ክፍሉ ራሱ አለ። የአንዱ አገር የፖሊስ መኮንን፣ የሌላው አገር የሰብአዊ መብት ጠበቃ፣ አገሮቻቸው የሚዋጉ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ማዕድ ቤት ወጥ ይሠራሉ፤ የማስተማሪያው ግማሽ እዚያ ነው።

ሌደራክ ስለ ጊዜ የጻፈው ነገር እዚህ ላይ ያስደስተኛል። ሰላም ግንባታን በአራት የጊዜ እርከን ይከፍለዋል። አስቸኳዩ ከ2 እስከ 6 ወር የሚወስደው የነፍስ አድን ሥራ ነው። ሰዎችን የማዘጋጀትና የማሠልጠን ሥራ ከ1 እስከ 2 ዓመት ይፈልጋል። የማኅበራዊ ለውጡ ንድፍ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሄዳል፤ ራእዩ ደግሞ የትውልድ ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ። አሁን የማስተርሱን ርዝመት አስታውሱ፤ ከ15 እስከ 24 ወር፤ ቁጭ የሚለው ሁለተኛው እርከን ላይ ነው። ሆን ተብሎ የተለካ ነው አልልም፤ ግን ፌሎውሺፕ ራሱ ሰላም እንደማያመጣ፣ ሰው ማዘጋጃ ብቻ እንደሆነ በደንብ ያሳየናል። የኛ የብዙ ፕሮጀክቶች ችግር እኮ ሁለተኛውን እርከን ዘልለው በስድስት ወር በጀት ሃያ ዓመቱን መጠበቃቸው ነው።

ለእኛ በጣም የሚቀርበው ካምፓላ ያለው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ነው፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው የሮታሪ የሰላም ማዕከል ሲሆን ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2021 ነው። የአንድ ዓመቱ የሰርተፊኬት ፕሮግራም የሚሰጥበት ቦታ ነው፤ በሰላም ግንባታና በግጭት ትራንስፎርሜሽን የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ያስይዛል። አሠራሩ ከማስተርሱ ለየት ይላል። ሥራችሁን ጥላችሁ ሁለት ዓመት አትሰወሩም። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል በኦንላይን ትማራላችሁ፤ ከዚያ አሥር ሳምንት ገደማ ካምፓላ ትቀመጣላችሁ፤ ቀሪውን ዘጠኝ ወር ግን አገራችሁ ተመልሳችሁ ራሳችሁ የነደፋችሁትን ፕሮጀክት ትሠራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ተሰብስባችሁ የሆነውን ታወራላችሁ። የሚያመለክተው ሰው ከአፍሪካ የመጣ፣ አፍሪካ ውስጥ የሠራ ወይም ለአፍሪካ ጉዳይ የቆረበ መሆን ይጠበቅበታል። እኔ ብመርጥ ይህንኛውን ነው የምመርጠው፤ ትምህርቱ ከሥራው ሳይፋታ ይሄዳልና። በአገር ውስጥ መማር የሚሻ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ያቋቋመው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም አለለት።

ገንዘቡ ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ የመስኩ ታሪክ በለጋሾቹ በኩል ሲታይ ያስቃል። ኢንዲያና ያለው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የክሮክ ተቋም የተመሠረተው በሃምበርገር ገንዘብ ነው። የማክዶናልድስን ሰንሰለት ያስፋፋው የሬይ ክሮክ ባለቤት ጆአን ክሮክ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አባ ቴዎዶር ሄስበርግ ስለ ኑክሌር ጦር መሣሪያ ሲናገሩ ሰምታ 6 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች፤ ተቋሙ በ1986 ተከፈተ። በ2003 ስታርፍም 50 ሚሊዮን ተናዝዛለታለች። ኢስታንቡል ላይ በባህቼሼሂር ዩኒቨርሲቲ ለተከፈተው የሮታሪ ማዕከል ደግሞ የኦቶና ፍራን ዋልተር ፋውንዴሽን 15.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። ከትልልቆቹ ለጋሾች ሌላ መስኩን የደገፉት ደግሞ ጦር አናነሳም የሚሉት ትንንሾቹ የሃይማኖት ማኅበሮች ናቸው፤ ኩዌከሮቹ ብራድፎርድን፣ ሜኖናይቶቹ ቨርጂኒያን። በነገራችን ላይ የእኛዋ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዚሁ የሜኖናይት ቤተሰብ ናት።

አሁን ወደ ክርክሩ። መሐለኛው ሰው ሰላም ይሠራል የሚለውን እቀበላለሁ፤ መመሪያው ግን መሐለኛውን ሁሉ አያገኘውም። ዲግሪ ይጠይቃል፤ ሲያስታርቅ ዕድሜውን የፈጀው የአገር ሽማግሌ ዲግሪ የለውም። እንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ የዞን ከተማ ላይ በሦስት ቋንቋ የምታስታርቅ ሴት አራተኛው ይጎድላት ይሆናል። ለቤተሰብ የሚሰጥ ገንዘብ የለውም፤ ሁለት ልጅ ያላት እናት ወይ ትታቸው ትሄዳለች ወይ ትቀራለች፤ ወንዱ አመልካች ይህን ጥያቄ ብዙም አይጠየቅም። ቪዛው የራሱ ታሪክ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መመለሱ ነው። ከማስተርስ በኋላ የጄኔቫና የኒውዮርክ ቢሮዎች ጥሩ ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ሰውየው መሐል ላይ ስለነበረ ተመርጦ ሄዶ ሲያበቃ ከመሐል ይወጣል። ባለሙያ ተገኘ፤ መንደሩ ግን የሚጠራው ሰው አጣ። የማኬሬሬው አሠራር ይህን ችግር በከፊል ስለሚመልስ ነው የወደድኩት።

ለማመልከት የምታስቡ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልበል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰላም እወዳለሁ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰርዙት፤ ጦርነት እወዳለሁ ብሎ ያመለከተ የለም። ይልቅ አንድ ግጭት ምረጡ፤ በዐይናችሁ ያያችሁትን፣ እጃችሁ ያለበትን። እነማን ተጣሉ፣ ከጠቡ በስተጀርባ ምን ነበር፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ምን አልሠራም፣ ያልሠራው ለምን እንደሆነስ ምን ታስባላችሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ረዘም በሉ፤ ለመማር የምትሄዱት እሱን አይደል? ድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው ከሥልጣኑ ይልቅ ሥራችሁን በቅርብ ያየ ይሁን። የሰርተፊኬቱ አመልካቾች የምትሠሩትን ፕሮጀክት አስቀድማችሁ ከሚመለከተው ማኅበረሰብ ጋር ተነጋገሩበት፤ ካምፓላ ሆናችሁ የምትፈጥሩት ከሆነ ዘጠኙ ወር አይበቃችሁም። ማመልከቻ አስገባላችኋለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ አሰናብቱት፤ ማመልከት በነፃ ነው። የሮታሪው ቅጽ ባለፉት ዓመታት በየካቲት ገደማ እየተከፈተ ሜይ 15፣ በእኛ ግንቦት 7፣ ሲዘጋ ቆይቷል፤ የእንግሊዝኛ ፈተናው ወረፋ ስላለው ከገና በፊት ተመዝገቡ።